ምሥራቅ በየት በኩል ነው?

ኩዌት፣ ሳልሚያ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣
ኡም ጃሲም አሉ፤ ግራ ጎናቸው የሞተ እመቤት።
እጃቸው እኔ ነኝ፤ እግራቸውም እኔ፤
ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት ነው የሦስት ዓመት ዘመኔ።
ፓስፖርቴ “ሐያት” ይላል፤ ደላላ ነው ያወጣው፤
ቪዛ እንዲፈጥን ብሎ፣ አዲስ ስም አስገብቶ የጥንቱን አስወጣው።

በቀን አምስት ጊዜ አዛን ሲጠራቸው፣
ዊልቸሩን አዞራለሁ ወደ ቂብላቸው፤
ከሶፋው ጥግ ወደ በሩ፣ በዓይኔ ልኬት፣
ጎማው ምንጣፉ ላይ መስመር እስኪያወጣበት።
ፍሬን እረግጣለሁ፤ ሻሻቸውን አስተካክላለሁ ፀጉራቸው ላይ፤
ከኋላ እቆማለሁ።
ይርበኛል፣ ሰው ሲጸልይ ሳይ።

ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ አይደለም፤
በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ ዓለም።
በወር አንድ ዓርብ ነበረኝ፤ ፊሊፒኗ ስትሄድ አብሮ ቀረ፤
አዳራሹ ግን ተከራይቶኝ ውስጤ ኖረ።

ሕንዶቹ ጠዋት፣ ግብጾቹ ቀትር፣ ማታ እኛ በተራ፤
መጋረጃችን ይወጣል ከፖርቶ ባጋሊው፣ ከትርፍ ጎማው ጋራ።
ቀዩ ጨርቅ ሽቦው ላይ ሲዘረጋ፣ ስሚንቶው ሁሉን ረስቶ
ዝም ይላል፤ ትልቅ ሰው እንደ ገባበት ልጅ፣ ደንግጦ፣ ተነሥቶ።

በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ጫማ ማውለቅ አውቃለሁ፤
የሰው እብነ በረድ እንዳላቆሽሽ በየቀኑ አወልቃለሁ።
እዚያ ግን ለእግሬ ሌላ ነው ትርጉሙ፤
ሙሴም አውልቆ ነው ከነደደው ቁጥቋጦ ፊት መቆሙ።
ወለል አውቃለሁ እኔ፤ በጉልበቴ ነው የተማርኩት፤
በክሎር፣ በሳሙና፣ ስንቱን ሳሎን ዳበስኩት!
ቅዳሴ ሲያበቃ ግን መወልወያው ላይ ተጋፋን፣
እኔና ዘውድነሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ ውልወላ ያንገፈገፈን።

ቄሱ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው “ስመ ክርስትናሽ?” ሲሉኝ፣
“ወለተ ሰንበት” እላለሁ፣
ወር ሙሉ ያልተጠራ ስም ጉሮሮዬን እየከረከረኝ።

አሁን አምስት ወር አለፈ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው አዳሬ፤
ከማሽኑ እስከ ግድግዳው፣ ያ ነው ድንበሬ።
መስኮት የለውም፤ ምሥራቅ የት እንደሆነ ጠፋኝ፤
አንዱ ይሆናል ብዬ አራቱንም ግድግዳ ተሳለምኩ፤ አራቱም ዝም አለኝ።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣
ፍሬኑን ልፈታ ሳጎነብስ ያዙኝ፣ በደህናዋ እጃቸው፣ ጠበቅ ላላ።
“አንቺስ?” አሉ፣ በተጣመመ አፋቸው፤ “ያንቺ ቂብላ በየት ነው?”
ፈራሁ፤ በሦስት ዓመት ይህን አልጠየቀኝም ሰው።
በጣቴ አሳየኋቸው መጋረጃ የወረደበትን፣ የባሕሩን ወገን፤
“ክፈቺው” አሉ። ሳብኩት ያን ከባድ ጨርቅ፣ አቧራው እየሸፈነን።

ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ባሕሩ ላይ ግን ቀይ ነገር ነበረ፣
እንደዚያ እንደ አዳራሹ ጨርቅ፣ በሽቦ የተወጠረ።
ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ፤ ለካ አልተጫማሁም፤
ራሴ የወለወልኩት ወለል ነው፤ ግን አላወቅሁትም።
ወንበራቸው ወደ መካ፣ እኔ ወደ ባሕሩ፣
ጀርባ ለጀርባ ቆየን፣ ታች መኪኖች እስኪያጓሩ።
ሙስባሃቸው ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር፤
የእኔ ከንፈር ይሰማቸው እንደሆነ ግን፣ እንጃ።

ለጃሲም ስለ ዓርቡ ይንገሩት አይንገሩት አላውቅም፤
መስኮት አዳራሹን አይተካም፤ ቁርባን የለው፣ ዘውድነሽ የለችም፤
መስቀል ይዞ ስሜን የሚጠይቅ የለም።

ቁርስ ሳጎርሳቸው “ሐያት” አሉኝ። “አቤት” አልኩ።
ሌላውን ስሜን ምላሴ ላይ ይዤ፣
ማንኪያውን አስጠግቼ ጠበቅኩ።